እግር ይቆረጥ ወይስ ይትረፍ? ምስጋናና ጥቆማ ከገላን

እግዜር ይስጥልን! ይህ ምስጋና ሲኖትራክ ቅልጥሙን ላደቀቀው የሰፈራችን ልጅ ለደረሱለት የአጥንት ሐኪም ነው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይወዱ በውስጥ መስመር ጠይቁን፣ እንነግራችኋለን።

ከእሳቸው በፊት የሆነው ያናድዳል። አንዱ ጋ «ካልተቆረጠ ይሞታል፣ ፈርሙ» ብለው ወረቀት ወረወሩ። ሌላው ጋ «ይድናል፣ አትስጉ» ብቻ! አንዳቸውም ጣቶቹ ደም ያገኙ እንደሆነ ዳስሰው አላዩም። አጎቱ ደግሞ ወጌሻ ቤት ካልወሰድነው ይሉ ነበር። ያበጠ እግር በቀርከሃ ጠብቆ ከታሰረ ደም ይታፈንና ሊተርፍ የሚችለው እግር እዚያው ይሞታል።

እኚህ ሐኪም የእግሩን ትርታ ዳሰሱ፣ ጣቶቹን አንቀሳቀሱ፣ ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሥራህ ምንድን ነው? ቤታችሁ ስንተኛ ፎቅ ነው? ማን ያስታምምሃል?» ይህን የጠየቀ ሌላ ሰው አልነበረም።

ያስረዱትም እንዲህ ነው። እግሩ ከ6 ሰዓት በላይ ደም አጥቶ ጡንቻው ከሞተ ማቆየቱ ለኩላሊትም ለሕይወትም አደጋ ስለሆነ ይቆረጣል። ደም ካለ ግን ለመመካከር ጊዜ አለ። መርገጫው መደንዘዙ ብቻውን ለመቁረጥ አያበቃም፤ ብዙዎች ላይ ስሜቱ ይመለሳል። የጉዳቱን ክብደት በነጥብ የሚለካ፣ 7 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ መቁረጥ የሚያደላ መመዘኛም አለ፤ እሳቸው በነጥብ ብቻ አይወስኑም።

ማትረፍ ማለት ከውጭ የሚታሰር ብረት፣ ደጋግሞ ቁስል ማጠብ፣ ከሌላ ቦታ ጡንቻና ቆዳ አምጥቶ አጥንቱን መሸፈን ነው፤ ሽፋኑ ከዘገየ ያመረቅዛል። አጥንት ከጎደለ በብረቱ በቀን 1 ሚሊ ሜትር፣ በአራት ተከፍሎ ይሳባል። 5 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት 50 ቀን መሳብ ነው፤ እስኪጠነክር ደግሞ ከዚያ እጅግ የረዘመ ጊዜ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጥንቱ ቶሎ አይገጥምም።

መቁረጥ ከሆነ ጉልበቱን ማትረፍ ትልቅ ነገር ነው፤ ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ሰው ሲራመድ በጣም ይደክማል። ከጉልበቱ ሥር ትራስ አታድርጉ፣ ታጥፎ ይቀራል። የተቆረጠው ጫፍ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሚኮሰምን የሰው ሠራሽ እግሩ ማስገቢያ ይላላል፣ እንደገና ይሠራል። ይህን ወጪ አስቀድማችሁ አስቡት።

በአሜሪካ በ8 የአደጋ ሕክምና ማዕከላት ተጠንቶ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ውጤት፣ ከ2 ዓመት በኋላ እግራቸው የተቆረጠና የተረፈላቸው ታካሚዎች ኑሮ ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ቤተሰቡ ይህን ሲሰማ ልቡ አረፈ። ልጁ ማትረፉን መረጠ፤ ብረቱ ገና እግሩ ላይ ነው።

እባካችሁ፣ ቃሊቲም ገላንም ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ አስቁሙ፣ 907 ደውሉ፣ አደጋው የደረሰበትን ሰዓት ጻፉ። አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ የቲታነስ መርፌም እንዲሰጠው ወጥራችሁ ጠይቁ። ከዚያ ራጁን ይዛችሁ እኚህ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ደግመን እንላለን፣ ሂዱ!