«ኢመርሽን ኦይል» ተብሎ በጠርሙስ እየተቀዳ ስለሚሸጠው ፈሳሽ ማስጠንቀቂያ

በጎንደርና በአካባቢዋ በክሊኒክ፣ በጤና ጣቢያና በማስተማሪያ ላቦራቶሪ የምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ ሰሞኑን በትንንሽ ቡናማ ጠርሙስ እየተቀዳ በርካሽ የሚቀርበውን «ኢመርሽን ኦይል» (በማይክሮስኮፕ ሌንስና ናሙናው ባለበት መስታወት፣ ማለትም በስላይዱ፣ መካከል የሚጨመር ዘይት) ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እጠይቃለሁ። የምሠራበት ክሊኒክ ከአንድ ዕቃ አቅራቢ በገዛው ጠርሙስ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ፎቶ ኮፒ ሲሆን፣ የአምራች ስምም ሆነ የምርት መለያ ቁጥር የለበትም፤ ዋናው ነገር፣ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ የሚባለው የብርሃን ስብረት ልክ አልተጻፈበትም። አቅራቢው ገንዘቡን ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆነም።

ባለ 100 ኦብጀክቲቭ፣ ማለትም መቶ ጊዜ የሚያጎላው የማይክሮስኮፕ ሌንስ፣ በደንብ የሚሠራው በስላይዱና በሌንሱ መካከል ልኩ 1.515 ገደማ የሆነ ዘይት ሲገባ ነው፤ ይህ ልክ ከስላይዱ መስታወት ጋር ስለሚቀራረብ ብርሃኑ አቅጣጫውን ሳይስት ወደ ሌንሱ ይገባል። ፈሳሽ ፓራፊንና የምግብ ዘይት ግን 1.47 አካባቢ ናቸው። በእነሱ ስናይ ምስሉ ጨርሶ አይጠፋም፣ ማታለሉም የሚመቸው ለዚህ ነው፤ የሚጠፋው ጥቃቅኑ ነገር ነው። ጊምሳ በሚባለው ማቅለሚያ በተቀለመ ደም ላይ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ በቀለበት መልኩ የሚያሳየው የክሮማቲን (የኒውክሊየስ) ነጥብ ይደበዝዛል፤ ከመተማና ከሁመራ እርሻ በሚመለሱ ሠራተኞች ላይ የምንፈልገው የካላዛር ተሕዋስም ከቀለም ዝቃጭ ጋር ይምታታል።

ሻጩ ጥራቱን የሚያሳይበት መንገድ በተለይ ሊታወቅ ይገባል። የላቦራቶሪ ማማሰያ ዘንግ ፈሳሹ ውስጥ ነክሮ «ይኸው፣ ዘንጉ ጠፋ» ይላል፤ ዘንጉ ግን የፓይሬክስ መስታወት ከሆነ የራሱ ልክ 1.47 ስለሆነ በወጥ ቤት ዘይትም ውስጥ ይጠፋል! እናንተ የተሰበረ ስላይድ ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱና በዚያ ሞክሩ። በትክክለኛው ዘይት ውስጥ የቁራጩ ጠርዝ ሊታይ አይገባም፤ ጠርዙ ጎልቶ ከታየ አትግዙ።

የገዛችሁ ካላችሁ፣ በተለይ የምግብ ዘይት ከሆነ ሌንሱ ላይ ደርቆ ስለሚጣበቅ ሳይቆይ በሌንስ ወረቀትና በጥቂት የሌንስ ማጽጃ አንሱት። የቁስል መሸፈኛ ጋዝ (ጎዝ) እና ጥጥ ሌንሱን ይጭራሉ፤ ዛይሊን የሚባለው ማሟሚያ ፈሳሽም ሲበዛ የሌንሱን ማጣበቂያ ያላላል። በዚያ ፈሳሽ ታይተው «ኔጋቲቭ» የተባሉ ስላይዶች ካልተጣሉ ተጠርገው በትክክለኛው ዘይት እንደገና ይታዩ።