እህቴን ላከመችልን የቆዳ ሐኪም፦ እግዚአብሔር ይስጥልን!

በቅንድብ መሃል ለሚወጣው የመኮሳተር መስመር ቦቶክስ (ጡንቻን ለጊዜው የሚያዝል መድኃኒት) ልትወጉ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ይህችን ሐኪም ሳታዩ ለማንም ግንባራችሁን እንዳትሰጡ።

እህቴ መጀመሪያ የሄደችበት ቦታ (ስሙን ተዉት) «ኮስተር በይ» እንኳን ሳይሏት ነው መርፌ ያነሱት። ከቅንድብ አጥንቱ ጠርዝ አጠገብ ዝቅ አድርገው ወጓት፤ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ ሰርጎ የዓይን ቆብ የሚያነሳውን ጡንቻ አደከመውና ግራ ዓይኗ ግማሹ ተከደነ። ስትመለስ «ያልፋል» አሏት፤ ይባስ ብለው መስመሩን በፊለር (ቆዳ ሥር በሚወጋ መሙያ) እንሙላው አሏት! እዚያ ቦታ ላይ ፊለር ደም ሥር ውስጥ ከገባ ዓይን ሊያሳውር ይችላል። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይህች ሐኪም ግን የዚያን ዕለት መርፌ አልነካችም። «ሦስት ወር ሳይሞላ አልደግምልሽም፤ ቆቡ በሳምንታት ውስጥ ይነሳል፣ አይዞሽ» ብላ ቆቡን ትንሽ ከፍ የሚያደርግ ጠብታ አዘዘችላት። የካርድ እንኳን አላስከፈለቻትም።

ጊዜው ሲደርስ እያኮሳተረቻት ቅንድቧን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ጡንቻው የት እንደሚያልቅ በነጭ እርሳስ አመለከተች። ሥራ ማለት ይህ ነው። የቁሙን መስመር የሚያወጣው ኮሩጌተር የሚባለው የቅንድብ ጡንቻ ከአፍንጫ ሥር አጠገብ ካለው አጥንት ተነስቶ ወደ ላይና ወደ ጎን እየሳሳ ቆዳው ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ ከውስጥ በኩል ጠለቅ፣ ከውጭ በኩል ላይ ላዩን ተደርጎ ይወጋል። አግድሙን መስመር የሚሠራው መሃል ያለው ፕሮሴረስ የሚባለው ጡንቻ ነው።

ባለ 100 ዩኒቱን የቦቶክስ ብልቃጥ እህቴ እያየች ከፍታ በ2.5 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) በጠበጠችው፤ 0.1 ሚሊ ሊትሩ 4 ዩኒት ይሆናል። ፕሮሴረስ ላይ አንድ ጊዜ፣ በየኮሩጌተሩ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ 4 ዩኒት ሆኖ በድምሩ 20 ዩኒት ወጋቻት። የውጭዎቹን ከአጥንቱ ጠርዝ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋ፣ ጠርዙን በሌላ ጣቷ ተጭና ነው የወጋችው። ያኛው ቤት የሳተው እዚህ ጋ ነበር።

ዲስፖርት (ሌላው የቦቶክስ ዓይነት መድኃኒት) የሚሰጧችሁ ከሆነ ዩኒቱ ከቦቶክስ ጋር አንድ አይደለም፤ ለዚሁ ቦታ የተለመደው 50 ነው። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ማያስቴኒያ ግራቪስ (ጡንቻን የሚያደክም በሽታ) ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ውጤቱ ከሦስት እስከ አራት ወር እንደሚቆይ፣ ሳይኮሳተሩም የሚታይ ጥልቅ መስመር ጨርሶ ላይጠፋ እንደሚችል ቁጭ አድርጋ ነገረቻት። እህቴ አሁን ሁለቱም ዓይኖቿ እኩል ናቸው፣ ግንባሯም ለስልሷል። ዶክተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ! ሂዱ፣ እሷ ጋ ሂዱ፤ አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።