ከበሮው ይቆይ፣ ሲምባሉ ይሂድ፦ የጀማሪ ድራሜ ከወራት በኋላ

ሻጮች «ባለ አምስት» እያሉ የሚያቀርቡት ድራም አምስት የሚባለው ከበሮዎቹ ብቻ ተቆጥረው ነው፤ እነሱም በእግር የሚመታው ባለ 22 ኢንች ቤዝ ድራም፣ በጉልበቶች መካከል የሚቀመጠው ባለ 14 ኢንች ስኔር፣ ከቤዙ በላይ የሚሰቀሉት ባለ 12 እና ባለ 13 ኢንች ቶሞች፣ እንዲሁም በሦስት እግሮቹ የሚቆመው ባለ 16 ኢንች ፍሎር ቶም ናቸው። ሲምባል፣ ማለትም በዱላ የሚመታው የብረታ ብረት ሳህን፣ በቁጥሩ ውስጥ አይገባም። ለእኔ ግን ሃይሃት የሚባሉት ጥንድ ሲምባሎችና ለድምቀት የሚመታው ክራሽ ሲምባል «በምርቃት» ተጨምረውልኛል፤ ይህን ግምገማ ያስጻፈኝም ያው ምርቃት ነው።

በከበሮዎቹ ቅሬታ የለኝም። የስኔሩን የላይኛ ቆዳ ቀይሬ፣ ብሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቅሁ በእኩል ስወጥር ከዋጋው በላይ የሆነ ድምፅ ሰጥቶኛል።

የሚያስመርረኝ ሃይሃቱ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ፊት ለፊት የተገጠሙትና በግራ እግር ፔዳል የሚከፈቱትና የሚዘጉት እነዚህ ሁለት ሲምባሎች፣ ሲዘጉ አጭርና ደረቅ ድምፅ ሰጥተው ምቱን ሊጠብቁ ይገባል፤ በተለይ ስድስት ስምንተኛ በሆነው ችክችካ ላይ ይህ ድምፅ ከተበላሸ ምቱ ሁሉ ይደፈራረሳል። የእኔዎቹ ግን ቢከፈቱም ቢዘጉም ወለል ላይ እንደወደቀ የሻይ ትሪ ይንጫጫሉ። ምክንያቱ አያከራክርም፤ የተሠሩት ከመዳብና ከዚንክ ቅይጥ፣ ማለትም ከብራስ ነው። ጥሩ ሲምባል የሚሠራው 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ቲን (ቆርቆሮ) ካለው ብሮንዝ ሲሆን፣ ረከስ ያለውም ቢሆን 92 በመቶ መዳብና 8 በመቶ ቲን ይይዛል። ይህ አልበቃ ብሎ የላይኛውን ሲምባል የሚይዘው ክላች የታችኛው ዳዶ በዘፈን መሀል እየላላ ሲምባሉን ይጥለዋል፤ ያን ጊዜ እግሬ ባዶ ዘንግ ሲያወጣና ሲያወርድ ይቀራል። የክራሹ ጠርዝም ገና ከአሁኑ ተቆልምሟል።

«ለጀማሪ ይበቃል» የሚለኝ ሻጭ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ በዚህ ዕቃ የሚጎዳው ከማንም በላይ ጀማሪው ነው እላለሁ። ልምድ ያለው ሰው የሚመታበትን ቦታና ኃይል እየመረጠ መጥፎ ሲምባልን ሊያባብለው ይችላል፤ ጀማሪው ግን ጥፋቱ የእጁ ይሁን የብረቱ ለይቶ አያውቅም። መጥፎ ከበሮ ቆዳው ተቀይሮና ተወጥሮ ይስተካከላል፤ ሲምባል ግን የሚወጠር ነገር የለውም፤ ድምፁ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቆረጠለት ነው።

በመግዛቴ አልጸጸትም፤ ዛሬም ብገዛ ይህንኑ ድራም እገዛለሁ፤ ነገር ግን ሲምባሎቹን ለባለ ሱቁ ትቼ ዋጋ እንዲቀንስልኝ እሟገታለሁ። በቀረው ገንዘብ ያገለገለ ባለ 14 ኢንች የብሮንዝ ሃይሃት መፈለግ ይሻላል፤ ከመክፈል በፊት ግን ጠርዙንና የመሀል ቀዳዳውን በጥፍር ዙሪያውን መዳሰስ ይገባል፤ ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጥፍር ያገኘዋልና።