ለከዚራው የኮምፒውተር ባለሙያ ምስጋና፣ ግራፊክስ ካርድ ልትገዙ ላሰባችሁ ደግሞ ጥቆማ

ድሬዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? አንድ ልጅ ስላሳረፈኝ ነው ይህን የምጽፈው። ማሽኔ ይሠራል፣ የተከመረው የሠርግ ቪዲዮ ወጥቷል፣ የሙሽሮች እናቶችም ስልኬን ማስጮህ ትተዋል። ከዚህ በላይ ምን እረፍት አለ?

ለማታውቁኝ፣ እዚሁ ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ እሠራለሁ። ወንድሜ ይቀርጻል፣ ኤዲቲንጉ የኔ ነው። ኮምፒውተሬ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴል ነው፣ ቆሞ የሚቀመጠው ዓይነት። ጠንካራ ዕቃ ነው፣ ስሙን በክፉ አላነሳም። ካሜራ ከቀየርን ወዲህ ግን ቪዲዮው ከበደው። ስቆርጥ ይደርቃል። ቀለም ልነካ ስል ይደርቃል። ማታ ኤክስፖርት አድርጌ፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ እንዲያወጣ ትቼ፣ ተኝቼ ጠዋት ስነሳ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «ግራፊክስ ካርድ ጨምሪበት» አለኝ፣ የምስልና የቪዲዮውን ሥራ የሚያግዝ ማሽኑ ውስጥ የሚሰካ ዕቃ ነው። ልክ ናቸው። መከራዬ የጀመረው «የትኛውን?» ብዬ ገበያ ስወጣ ነው።

ምሬቴን አስቀድሜ ላውጣው፣ ካልሆነ ያንቀኛል። የማንንም ስም አልጠራም።

አንዱ ቤት ገብቼ «ለቪዲዮ የሚሆን፣ ዋጋው የማይጎዳ ካርድ» አልኩ። ሰውዬው ምን ዓይነት ማሽን እንዳለኝ እንኳ አልጠየቀም። ዞር ብሎ ከመደርደሪያው አንድ የሚያብረቀርቅ ካርቶን አወረደና «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ አራት ጊጋ፣ አዲስ» አለኝ። ወንድሜ ቤት ሰካው። ስክሪኑ ላይ ስሙ በትክክል ወጣ፣ 1050 ቲአይ ይላል። ሥራው ግን ከበፊቱ ባሰ። ትንሽ ከበድ ያለ ነገር ስከፍት ስክሪኑ ይጠቁራል። ይዤው ስመለስ «ችግሩ የማሽንሽ ነው» ተባልኩ። ደረሰኝ ብል የምን ደረሰኝ! ጀርባው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ እሱን በጣቱ አሳየኝ። አፉን እንኳ መክፈት ከበደው።

ሌላኛው ቤት ደግሞ «ኃይለኛ ነው የሚያስፈልግሽ» ብለው ባለ ሁለት ፋን ያገለገለ አርኤክስ 580 አመጡልኝ። ካርዱ ለብቻው የሚሰካ የፓወር ገመድ ይፈልጋል፣ የኔ ማሽን ያ ገመድ የለውም። ችግር የለም ብለው ከሌሎች ገመዶች በመቀጠያ አገናኙት። እዚያው ሱቅ ውስጥ በራ። ቤቴ ገብቼ ኤክስፖርት ስል ድርግም አለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ስደውል «ማሽኑን ጣይውና አዲስ ግዢ፣ እኛ ጋ አለ» አሉኝ። ይሄም አልበቃቸው፣ «እህቴ፣ ይሄ ነገር ለሴት ይከብዳል፣ ወንድምሽን ላኪው» አሉ። ወንድሜ እኮ ከፍላሽ ውጪ ነገር አያውቅም! ፍላሹንም እኔ ነኝ የምገዛለት።

በዚህ መሃል አንዲት ሙሽራ ወደ ውጭ ልትበር ነው። እናቷ በየቀኑ ይደውላሉ። «ልጄ፣ ሠርጓን ሳታይ ልትሄድብኝ ነው» ይላሉ፣ ቆጣ ብለው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የሚያለቅስ ድምፅ ምን ይመለስለታል?

ዩኒቨርሲቲው የምታስተምር ጎረቤቴ ናት «ከዚራ አንድ ልጅ አለ» ያለችኝ። ማሽኑን ባጃጅ ላይ ጭኜ፣ ጉልበቴ ላይ አቅፌ ሄድኩ። ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጣሪያ ፋን፣ ጎናቸው የተከፈተ ማሽኖች። ልጁ ካርድ አላሳየኝም። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን ትሠሪበታለሽ?» ብሎ ነው። አቦ፣ ይህን ጥያቄ እስከዚያ ድረስ አንድም ሰው አልጠየቀኝም ነበር። የትኛውን ፕሮግራም እንደምጠቀም፣ ካሜራዬ ምን ዓይነት ፋይል እንደሚያወጣ ሁሉ ጠየቀኝ።

ከዚያ ጎኑን ከፈተው። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረገ፣ በስልኩ መብራት ፓወር ሰፕላዩ ላይ፣ ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ክፍል ላይ፣ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበ። ቀስ ብሎ ነው ያነበበው፣ ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ። አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነበር የሠራው፣ ነፍሱን ይማረው። ማሽን ሲበላሽ የብረቱን ታፔላ ሳያነብ መፍቻ አያነሳም ነበር። ቤት ውስጥ እንኳ ምጣዱ ሲበላሽ ገልብጦ ጽሑፉን ይፈልጋል፣ እናቴ «እንጀራው ይቅርና አንብብልን» እያለች ትስቅበት ነበር። ልጁን ሳየው እሱ ትዝ አለኝና ዝም ብዬ ቆምኩ።

«290 ዋት» አለኝ። «ይቺ ለቢሮ የተሠራች ናት። ለካርድ የሚሆን ገመድ የላትም። ስለዚህ ካርዱ የሚበላው ከሚሰካበት ቦታ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚሰጠው 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ካርድ በስጦታ ቢመጣም አትውሰጂ።» አርኤክስ 580 ስንት እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። 185 አለኝ። ይሄን ሂሳብ ለመሥራት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። የቀለጠውን መቀጠያ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ፓወር ሰፕላዩን ፈትሾ «አላህ አትርፎሻል፣ ደህና ነው» አለኝ።

ያገለገለ ለምትገዙም የነገረኝን ላካፍል። እንደ አርኤክስ 580 ያሉ ካርዶች ብዙዎቹ ኢትሪየም ለሚባለው ክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። በፈረንጆቹ መስከረም 2022 ያ ሥራ ሲቀር ገበያውን አጥለቀለቁት። ሁሉም ሞተዋል ማለት አይደለም፣ ግን ሳታስፈትሹ እንዳትገዙ።

ቀጥሎ የመጀመሪያውን ካርድ ሰጠሁት፣ ያንን የሚያብረቀርቀውን። አልሰካውም እንኳ። ከኋላው ገልብጦ አየውና ጥፍሩን ሰማያዊዋ የስክሪን ሶኬት ላይ አሳረፈ። «ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለ። 1050 ቲአይ የወጣው በፈረንጆቹ 2016 ነው አለኝ፣ ያ ትውልድ ለዚች ለድሮዋ ሶኬት የሚሆነውን ነገር ከውስጡ አውጥቶታል። ከዚያ ለኔ ብሎ በራሱ ማሽን ላይ ሰካውና ጂፒዩ ዚ የምትባል በነፃ የምትገኝ ትንሽ ፕሮግራም ከፈተ። ከካርዱ ስም ፊት በእንግሊዝኛ «ፌክ» የሚል ተጽፎ ብቅ አለ። ውስጡ በፈረንጆቹ 2010 የወጣ ጂቲኤስ 450 ነው። ሶፍትዌሩን ነካክተው ስሙን ብቻ ቀይረውለታል።

እዚህ ላይ ሊስቅብኝ ይችል ነበር። አልሳቀም። «አብሽሪ፣ ይሄ በኔ ጠረጴዛ ላይ ብዙ አልፏል» ብሎ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ መለሰልኝ። የት ገዛሽው ብሎም አልጠየቀኝም።

ከዚያ ወደ ምርጫው ገባን። መስታወቱ ውስጥ አርቲኤክስ 3060 አለ፣ ያማረ ነገር። የዕቁብ ብር ይዤ ነበርና «ይሄስ?» አልኩት። «ይሄን ብሸጥልሽ የማተርፈው እኔ ነኝ» አለ። 170 ዋት ነው የሚበላው፣ ከኔ ማሽን ጋር አይገናኝም። አስቡት፣ ብር ይዞ የቆመ ደንበኛ ፊት ለፊቱ ነው! ሌላ ቦታ ቢሆን ፓወር ሰፕላዩንም፣ ማዘርቦርዱንም፣ ሳጥኑንም አብረው ይሸጡልኝ ነበር።

ጂቲ 1030ስ አልኩት፣ ርካሽ ነው ሲባል ሰምቼ። 30 ዋት ብቻ ነው የሚበላው። ግን በአንድ ስም ሁለት ዓይነት አለ አለኝ፣ አንደኛው ሚሞሪው ቀርፋፋ ነው፣ ካርቶኑን በደንብ ያላነበበ ያንን ይዞ ይሄዳል። ለኔ ደግሞ ሁለቱም አይሆኑም፣ ቪዲዮ ሲወጣ ሥራውን የሚያቀልለው ክፍል የላቸውም። አርኤክስ 6400ም እንደዚያው ነው። በፈረንጆቹ 2022 የወጣ ነው፣ 53 ዋት ነው፣ አዲስ ስለሆነ ልቤ ሄዶበት ነበር። ለቪዲዮ አውጪ ግን ያችው ክፍል ጎድላዋለች፣ በድሮ ማሽን ላይ ደግሞ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ምክንያቱን አስረድቶኛል፣ እኔም ራሴን ነቅንቄያለሁ። ከዚያ ወዲያ አትጠይቁኝ።

ለኔ የሚሆነው ጂቲኤክስ 1650 ነው አለ። በፈረንጆቹ 2019 የወጣ፣ አራት ጊጋ፣ 75 ዋት። 1650 ሁሉ ግን አንድ አይደለም፣ አንዳንዱ ተጨማሪ ገመድ ይፈልጋል። ገመድ የማይፈልገውን ነው መግዛት ያለብሽ ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። ችግሩ እሱ ጋ አልነበረም። ያለውን ሊሸጥልኝ ሲችል «ከአዲስ አበባ ላስመጣልሽ፣ ቀብድ አልፈልግም» አለ።

የሙሽራዋን ነገር ስነግረው ነው እንግዲህ የማልረሳውን ያደረገው። «ሀርድ ዲስኩን ይዘሽዋል?» አለኝ። ይዤዋለሁ። «እዚህ ቁጭ በይና በኔ ማሽን ጨርሺው።» ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ፣ በዚያ ሰዓት ሱቅ ተዘግቶ ሰው ቤቱ ገብቶ ይጋደማል። ግራና ቀኙ ያሉት ሁሉ በራቸውን ዘጉ። እሱ ግማሹን በር ዝቅ አደረገ፣ ትንሿን ፋን ከራሱ ላይ አንስቶ ወደ ማሽኑ አዞረ፣ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ከቤቱ ምሳ ሲመጣለት ሳህኑን መሃል ላይ አደረገው። እኔ ስቆርጥ እሱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የሰው ላፕቶፕ ይፈታል። ዘፈኑ ሲመጣ «ይቺ አክስት ናት አይደል? አትቁረጫት፣ ጨዋታ ታውቃለች» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ አልቆረጥኳትም። ፀሐይ በረድ ስትል ቪዲዮው ወጥቶ በፍላሽ ላይ ነበር። ለኪራይ ብዬ ብር ሳወጣ እጄን መለሰው። የሙሽራዋ እናት ፍላሹን ሲቀበሉ የመረቁትን ምርቃት በሙሉ ለሱ አስተላልፌያለሁ።

ካርዱ እንደደረሰ ደወለልኝ። ሰካው፣ የራሴን ፕሮጀክት ከፍቶ አስጨነቀው፣ ሙቀቱን በስክሪን እያየ እጁንም ከኋላ እያስጠጋ ቆየ። ፕሮግራሙ ውስጥ የሆነ ቦታ ገብቶ የሆነ ነገር መረጠ፣ ያ ምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ሳጥኑን ከመሬት ከፍ አድርጊው፣ ከግድግዳ አርቂው፣ አቧራውን በየጊዜው አስጠርጊ አለኝ። ብሩን የተቀበለኝ ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ደረሰኝ ሰጠኝ፣ ዋስትናውን በእጁ ጻፈበት። ለጽዳቱ አላስከፈለኝም።

አሁን ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ሥራ ቡና አፍልቼ በረካው ሳይደርስ ያልቃል። ዋጋውን አልጽፍም፣ በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምምና ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያጣላናል። ከሁለቱ ቤቶች ለአንዱ ከከፈልኩት ያነሰ ነው ማለት ግን እችላለሁ።

ስቱዲዮ ያላችሁ፣ ካድ (የኮምፒውተር ንድፍ) የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ልጃችሁ ጌም ብሎ የነዘነዛችሁ ወላጆች፣ ሂዱ። ከሐረር ለምትመጡም መንገዱ ያዋጣል። ካርድ ሳትገዙ ሂዱ። ገዝታችሁ የተጠራጠራችሁም ሂዱ። ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ ለምኖኛል፣ በኢንቦክስ ለጠየቀኝ ሁሉ ቦታውን እነግራለሁ። ማሽኑን መሸከም የማትችሉ ጎኑን ከፍታችሁ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለውን ወረቀት ፎቶ አንሱ፣ ያለዚያ ካርድ አያሳያችሁም። ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ይዘጋል። ለኔ ከፍቶ ዋለ ብላችሁ በዚያ ሰዓት እንዳታንኳኩበት፣ አደራ።