ስኳር ለሚያምራችሁ የደብረ ማርቆስ ነፍሰ ጡሮች፦ እቺን ሲስተር እወቋት

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ ለመጠቆምም ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ በነፍሰ ጡር ክትትል ክፍል የምትሠራ አዋላጅ ነርስ አለች። ስሟን እንዳልጽፍ አስጠንቅቃኛለች። «ብቻዬን አይደለም የምሠራው» ትላለች። እሺ ብያታለሁ። ስለ ሥራዋ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ጣፋጭ ነገር ያምረኝ ጀመር። የዋዛ አምሮት እንዳይመስላችሁ። ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር፣ ሚሪንዳ፣ ብስኩት፣ ሌሊት ደግሞ ተነስቼ ማር በጣቴ። አማቴ ከደጋ ዳሞት ድረስ ማር ይዘው መጡና ብርዝ በጥብጠው አስቀመጡልኝ። እኛ ሰፈር የእርጉዝ አምሮት አይከለከልም፤ ከተከለከለ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል። ባለቤቴም በየማታው ለስላሳ ይዞ ካልገባ ባል የሆነ አይመስለውም ነበር።

በዚያ ላይ የበኩር ልጄ ሲወለድ 4 ኪሎ ከ200 ግራም ነበር። ዘመድ አዝማዱ «እንዴት ያለ ደንዳና ልጅ!» እያለ ያሞግሰዋል። ምጡን የማውቀው ግን እኔ ነኝ። እናቴም ስኳር አለባት። እነዚህን ነገሮች አገናኝቶ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ፣ ስሙ ይቅርና፣ ሽንቴን አይቶ «ስኳር የለብሽም» ብሎ ሸኘኝ።

ሲስተር ጋ ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ምን ቀመስሽ?» የሚል ነበር። ስነግራት አልደነገጠችም፣ አልተቆጣችምም። ዝም ብላ ጻፈች። ከዚያ የበኩር ልጄን ክብደት ጠየቀችኝ፤ ቀጥላ ከቤተሰብ ስኳር ያለበት ሰው እንዳለ። «ሽንቴን ታይቻለሁ እኮ» አልኳት። በእርግዝና ጊዜ ኩላሊት ስኳርን በቀላሉ ወደ ሽንት ሊያሳልፍ ይችላል አለችኝ። ስለዚህ ሽንት ላይ ስኳር መታየቱ ብቻውን በሽታ ነው አያሰኝም። አለመታየቱም ነጻ ነሽ አያሰኝም። የሚታመነው የደም ምርመራ ነው።

ስለ አምሮቱ የነገረችኝ ደግሞ ብዙ ሸክም አወረደልኝ። ጣፋጭ የሚያምራት ሁሉ ስኳር አይይዛትም። ጣፋጭ የማትነካም ሊይዛት ይችላል። ነገሩ የሚነሳው ከእንግዴ ልጅ ነው። ከእሱ የሚወጡት ሆርሞኖች የእናትየዋ ሰውነት ለኢንሱሊን (ቆሽት የሚያመርተው፣ ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባው ሆርሞን ነው) እንደ ድሮው እንዳይታዘዝ ያደርጉታል። ቆሽቷ ጨምሮ ማምረት ከቻለ ደህና። ካልቻለ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው እርግዝናው ከተጋመሰ በኋላ ስለሆነ ምርመራው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይደረጋል። ለብዙዎች ምልክት የሚባል ነገር የለውም። ውኃ ጥም፣ ድካም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት መሽናት ይባላል፤ እስቲ እነዚህ የሌሉባት እርጉዝ አሳዩኝ!

ወረቀት ጽፋ ወደ ሆስፒታል ላከችኝ። ሌሊቱን ምንም ሳልቀምስ አድሬ በባዶ ሆድ ደም ሰጠሁ። ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ በጥብጠው አጠጡኝ። ያን ሁሉ ወር ስኳር ስኳር ስል የከረምኩት ሴትዮ ያቺን ብርጭቆ ለመጨረስ አሳሬን አየሁ። ከአንድ ሰዓትና ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ደም ይወሰዳል። የደም ስኳሩ በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲለካ በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ እዚያ ከደረሰ ወይም ካለፈ የእርግዝና ስኳር ይባላል። የእኔ በባዶ ሆድ 96 ሆኖ ተገኘ።

አሁን የሲስተርን ሙያ የማደንቅበት ቦታ ላይ ደረስኩ። «ስኳር አቁሚ» ብላ ብትሸኘኝ ኖሮ እቤቴ ገብቼ አለቅስ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ተደብቄ እልስ ነበር። እሷ አብራኝ ቁጭ ብላ ሒሳብ ሠራች። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሁለት ሁለት ማንኪያ እያደረግሁ ብጠጣ 24 ግራም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና የተሻለ የሚለው የቀን መጠን ደግሞ 25 ግራም አካባቢ ነው። ሻዩ፣ ለስላሳው፣ ብርዙ ገና አልተቆጠሩም! ከዚያ «ከዚህ ውስጥ የትኛውን መተው ይቀልሻል?» አለችኝ። ለስላሳውን አልኳት። ከእሱ ጀመርን። የሻዩን ስኳር በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ እያበዛሁ ለመድኩት።

የከበደው የአማቴ ነገር ነበር። «ማር እኮ መድኃኒት ነው፤ ከስኳር ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ፍንክች አሉ። ሲስተር በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዣቸው እንድመጣ ነገረችኝ። ስንገባ ብድግ ብላ ወንበር ለቀቀችላቸው። «እማማ፣ ማርዎ የሚናቅ አይደለም። ግን ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ማሩም ስኳሩም አንድ ነው» አለቻቸው። ከዚያ ቀስ አድርጋ አስረዳቻቸው። የእናት ስኳር በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ የእናት ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ ጽንሱ በራሱ ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን ያመርትና ይወፍራል። ሲወለድ ትከሻው ሊያዝ ይችላል። እትብቱ ሲቆረጥ ደግሞ ከእናት የሚመጣው ስኳር በአንዴ ይቋረጣል፤ ያ ሁሉ ኢንሱሊን ግን ሰውነቱ ውስጥ አለ። የሕፃኑ ስኳር ይወርዳል፤ ይህ ለጨቅላ አደገኛ ነው።

አማቴ ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ያ የፊተኛው ልጅ የወፈረው በዚህ ይሆን?» አሉ። «ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ስላልተለካ አናውቅም» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ዋና ተቆጣጣሪ እሳቸው ሆኑ። ብርዙ ለባለቤቴ ተላለፈ። ቅሬታ አላሰማም።

ሁዳዴም መጣ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ውሎ፣ ከዚያ ርሃቡ ሲብስ በአንዴ ጠግቦ መብላት ለእኔ ዓይነቷ አይሆንም። ሲስተር ግን ጹሚም አትጹሚም አላለችኝም። «የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ የጤና ወረቀት ካስፈለገሽ እኔ እጽፍልሻለሁ» ብቻ አለች። አባም «ሰዓቱን ተዪው፤ መብሉ ጾም ይሁን» አሉኝ። በጠዋት መብላት ጀመርኩ። ነገሩ በዚህ አለቀ። ይህን የምጽፈው በዚህ ጉዳይ የሚጨነቁ ብዙ የጎጃም ሴቶች እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

ስለ ምግቡ አጭር ልሁን፤ ለእያንዳንዷ ሴት እንደ ሁኔታዋ ስለሚለያይ። እኔ እንጀራውን በግማሽ ቀንሼ ወጡን አበዛሁ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ጤፍም ቢሆን ሲበዛ ስኳር ከፍ ያደርጋል። በመሐል በመሐል የገብስና የሽምብራ ቆሎ። ማንጎ ሲያምረኝ ጁሱን ትቼ ፍሬውን፣ ያውም ትንሽ፣ ከምግብ ጋር። ከበላሁ በኋላ የእግር ጉዞ። ስኳሬን እቤት እለካ ነበር፤ የተሰጠኝ ግብ በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች ነበር። አብሽ ቀቅለሽ ጠጪ ያሉኝም ነበሩ። ሲስተር ወጥ ውስጥ የሚገባው አብሽ ሌላ፣ እንደ መድኃኒት የሚጠጣው ሌላ ነው አለችና ከለከለችኝ።

እኔን ምግቡና ጉዞው በቃኝ። የማይበቃቸው አሉ። ተራ ስጠብቅ የተዋወቅኋት አንዲት እህት ኢንሱሊን ትወጋ ነበር፤ ሰው እንዳያይባት ትደብቀው ነበር። ምን ያሳፍራል? ከላይ እንዳልኩት የእናት ኢንሱሊን ወደ ጽንሱ አያልፍም። ስኳሩን ዝም ብሎ መተው ነው የሚያስፈራው።

ልጄ በሰላም ተወለደች፤ 3 ኪሎ ከ300። ወዲያው ጡት ያዘች። ከተረከዟ ጠብታ ደም ወስደው ስኳሯን ለኩ፤ ደህና ነበር። እኔ በቃ አበቃ ብዬ ገንፎዬን ስበላ ሲስተር ደወለች። ከወለድሽ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና መመርመር አለብሽ አለችኝ። የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት ቆይታ ዋናው ስኳር ሊይዛት የሚችልበት ዕድል ከሌላው ሰው በጣም ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላም በየጊዜው መታየት አለባት። ተመረመርኩ፤ ነጻ ነኝ። በሥራ ብዛት ልትረሳኝ ትችል ነበር፤ አልረሳችኝም።

ሁሉም ነገር ወለላ ነው ብዬ አልዋሽም። ወረፋው ረጅም ነው። ሲስተር እያንዳንዷን ሴት ስለምትጠይቅ ትቆያለች፤ ውጭ የተቀመጠው ሰው ያጉረመርማል። የመለኪያ ስትሪፕ የሚያልቅበት ቀንም አለ። ቢሆንም በሩጫ አይታ ከምትሸኘኝ ይልቅ የእሷን ወረፋ እመርጣለሁ።

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አማቴም «ማርያም በወሊዷ ትቁምላት» ብለውሻል፤ አላገባሁም ብትያቸውም አይሰሙሽም።

ከቤተሰባችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ፣ የቀድሞ ልጃችሁ ከ4 ኪሎ በላይ ከነበረ፣ ወይም ከማርገዛችሁ በፊት ክብደታችሁ በዝቶ ከነበረ፣ 24ኛውን ሳምንት እንኳ ሳትጠብቁ ጠይቁ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል በነጻ ነው። የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ ኢንቦክስ ለምትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። የክትትል ካርዳችሁንና የቀድሞ ውጤታችሁን ይዛችሁ በጠዋት ድረሱ። በገበያ ቀን ግን አትሞክሩት።