ፖይንት ራሚ ወይስ ፑል ራሚ?

የህንድ ራሚ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ በኦንላይን ሲጫወቱት፣ ፖይንትም ሆነ ፑል መሠረቱ አንድ ነው። 13 ካርታ ይታደላችኋል፤ ቢያንስ ሁለት ተከታታይ (ምልክታቸው አንድ ሆኖ በቁጥር የሚከታተሉ ካርታዎች) ትሠራላችሁ። አንዱ የግድ ያለ ጆከር (ሌላ ካርታን የሚተካ ካርታ) መሆን አለበት። እሱ ከሌለ የያዛችሁት ሁሉ ይቆጠርባችኋል፣ እስከ 80 ነጥብ። ጀማሪን የሚጎዳው ይሄ ነው።

ልዩነቱ አጨራረሱ ላይ ነው። ፖይንት በአንድ ዙር ያልቃል። ለመማር እሱን እመርጣለሁ፣ ያለ ገንዘብ። ህንድ ራሷ በኦንላይን በገንዘብ ማጫወትን በ2025 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላለች።

ፑል ግን 101 ወይም 201 ነጥብ የደረሰው እየወጣ፣ አንድ ሰው እስኪቀር ይቀጥላል። እውነቱን ለመናገር፣ የሚጥመው ይሄኛው ነው። መጥፎ ካርታ ቢደርሳችሁም ቀጣዩ ዙር አለ።

ገና ካርታ ሳያነሱ ዙሩን ትቶ መውጣት በፖይንትም በ101 ፑልም 20 ነጥብ ያስቆጥራል። በፑል ግን ይጠራቀማል፤ አምስት ጊዜ እንዲህ ከወጣችሁ 100 ገባችሁ።