ሰባት ገጽ ምሬት ይዤ ገብቼ በሁለት ገጽ አቤቱታ የወጣሁበት ቤት

ከፍርድ ቤቱ በር ማዶ "አቤቱታ ይጻፋል፣ ኮፒ፣ ላሚኔሽን" የሚል ከተለጠፈባቸው ቆርቆሮ ቤቶች አንዷ ናት። ስም የላትም። ሁለት ኮምፒውተር፣ እያቃሰተች የምታትም ፕሪንተር፣ ታይፕ የምታደርግ አንዲት ልጅ፣ ጥግ ላይ ደግሞ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የተቀመጡ ጋሼ። ድሮ መዝገብ ቤት ሠርተዋል አሉ። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ፤ አንዱን ለምን እንዳስቀረሁት እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ጉዳዬን ልንገራችሁ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። ለሦስተኛ ዲግሪ የትምህርት ፈቃድ አግኝቼ ስወጣ የታወቀውን ውል ፈርሜያለሁ፦ ለተማርኩበት ለእያንዳንዱ ዓመት ሁለት ዓመት ላገለግል፣ ካልተመለስኩ ገንዘቡን ልከፍል፣ ለዚህም ዋስ ላቀርብ። መሃል ላይ አማካሪዬ ተቀየረ፣ ሥራው ወደ ኋላ ተጎተተ፣ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ጠየቅኩ። ትምህርት ክፍሉ ተስማምቶ ቃለ ጉባኤ ያዘ። ከላይ ዝም። አራት ወር ዝም። ከዚያ አንድ ወር ደመወዝ አልገባም፤ የባንክ ስህተት መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፤ ማራዘሚያው "በመመሪያው መሠረት" ተቀባይነት የለውም፣ በአስቸኳይ ሪፖርት ያድርጉ፣ ካልሆነ ዋስዎ ይጠየቃሉ ይላል። ዋሴ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ግልባጩ ደርሶታል። ስደውልለት ሰላም እንኳን ሳይለኝ "ቤቴን ሊሸጡት ነው እንዴ?" አለ።

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ገባሁ። አንድ መስመር መልስ፦ "ውሳኔው ትክክል ነው።" ቀጣዩ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። ያነጋገርኩት ጠበቃ የጠራልኝ ዋጋ ከታገደብኝ ደመወዝ ይበልጥ ነበር፤ ለዚህ ነው ጋሼ ዘንድ የሄድኩት።

ሌሊቱን ሙሉ የጻፍኩትን ሰባት ገጽ ሰጠኋቸው። ዲኑ እንዴት እንደሚጠላኝ፣ ዕድገቴ እንዴት እንደዘገየ፣ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ምን የቀረ አለ። መነጽራቸውን አወረዱና ቀይ እስክሪብቶ አነሱ።

"ዲኑ ይጠላሃል?"

"አዎ ጋሼ።"

"ይሁን። ለዳኛው ግን ምን ይጠቅመዋል?" ብለው አንድ ሙሉ ገጽ በአንድ መስመር ሰረዙት። አንጀቴ ቅጥል አለ።

ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። ደብዳቤው በእጅህ የደረሰው መቼ ነው? ከመወሰናቸው በፊት ጠርተው አናግረውሃል? "በመመሪያው መሠረት" ያሉት የትኛው መመሪያ ነው፣ አይተኸዋል? አላየሁትም። ማንም አላየውም። እዚህ ላይ ፈገግ አሉ። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጁን፣ 1183/2012ን፣ ከመሳቢያቸው አወጡ፤ ጫፉ ተበልቷል፣ ቡና ፈሶበታል። መመሪያ ካልተመዘገበና በድረ ገጽ ካልወጣ አይጸናም፣ ውሳኔም በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱ ሊገለጽበት ይገባል አሉኝ። ስንት ዓመት ሳስተምር ይህን የነገረኝ ሰው የለም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ይሄ ነው። እኔ የጻፍኩት "ፈቃዴ ይራዘምልኝ" የሚል ነበር። "መምህር፣ ስማኝ" አሉኝ፣ "ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትህ ነው፤ ዳኛ ዲን አይሆንልህም። አንተ የምትለው ሳይሰሙኝ፣ ምክንያት ሳይሰጡ፣ በማላውቀው መመሪያ ወሰኑብኝ፤ ውሳኔው ይሻርልኝ፣ ያለ አግባብ የተያዘው ደመወዜ ይለቀቅልኝ ነው።" ሁለት ገጽ ሆነች። አንብቤ ስጨርስ የእኔ ጉዳይ መሆኑን ተጠራጠርኩ፤ ንጹሕ ሆኖ ሳየው ማለቴ ነው።

የአማካሪዬን ደብዳቤ ለይግባኝ ላስቀር ፈልጌ ነበር፣ እንደ መደበቂያ ካርድ። ተቆጡ። የአስተዳደር ፍርድ ቤቱ በፍሬ ነገር ላይ፣ ማለትም ምን ተደረገ ምን አልተደረገም በሚለው ላይ፣ የሚሰጠው ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ ከዚያ በላይ ይግባኝ የሚባለው የሕግ ስህተት አለ ሲባል ብቻ ነው። ያለህን ሁሉ አሁን አያይዝ አሉ። ቃለ ጉባኤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የአማካሪው ደብዳቤ፣ ሁሉም በተራ ቁጥር ተያያዘ።

አሁን ወደ ቀረው ኮከብ። ልጅቷ ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ ሰክታ ነው የምትጽፈው፤ የደብዳቤውን ቁጥር አሳሳተችው። እኔም አላየሁትም። አቤቱታ የሚቀበለው የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር መለሰኝ፣ የጠዋቱ ወረፋዬ ቀለጠ። በነፃ አስተካከለችልኝ፣ ይቅርታ ግን የለም። ዋጋውም በገጽ አይደለም። "ሰባት ገጽ ቢሆን ይረክስልህ ነበር፣ የሚያደክመው ማሳጠሩ ነው" ብለው ሙሉውን ተቀበሉኝ። ደግሞ ጠበቃ አይደሉም፤ ችሎት አይቆሙላችሁም። ዳኛው "የምትጠይቀው ዳኝነት ምንድን ነው?" ሲሉኝ ስንት ተማሪ ፊት የቆምኩት ሰውዬ ምላሴ ተሳሰረ። ወረቀቷን አይቼ አነበብኩ። ይሄን ቢያለማምዱኝ ምን ነበረበት?

ውሳኔው ተሻረ። ደመወዜ እንዲለቀቅ፣ መሥሪያ ቤቱም እኔን ሰምቶ በማራዘሚያው ላይ እንደገና እንዲወስን ተባለ። ማራዘሚያው ራሱ ገና እነሱ ጋ ነው። ዋሴ ግን ሰላም ይለኛል።

ጠዋት ሂዱ፣ ከምሳ በኋላ መብራት ይጠፋል። ፍላሽ ያዙ። ቴሌብር ይቀበላሉ። ላመሰግናቸው ስመለስ ጋሼ የመመረቂያ ጽሑፌ ስንት ገጽ እንደደረሰ ጠየቁኝ። ሦስት መቶ አልኳቸው። ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ።